የሚያስታጥበን እጅ

የሰሙነ ሕማማት ስግደት አብቅቶ፣ የቀዳም ሥዑር ቄጠማ በየራሱ ላይ ታስሮ፣ የ55 ቀናቱ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት በየመንደሩ ሁለት ወገን ይኖራል። አንደኛው ወገን ነጭ ለብሶ፣ ጧፉን ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሠው ነው። ይህን ሁላችንም እናየዋለን፤ በበዓል ማግሥት በጋዜጣ ላይ ፎቶግራፉ የሚወጣውም እርሱ ነው። ሁለተኛው ወገን ግን ከማጀት አይወጣም። ሽንኩርቱን ያቁላላል፣ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ያጥባል፣ በጾም አፉ ሳይቀምስ የወጡን ጨው በግምት ይመጥናል፣ ድፎውን ይጠብቃል፣ ቤቱንም ይጠብቃል። የበዓሉ ሌሊት ለአንደኛው ወገን የጸሎት ሌሊት ሲሆን፣ ለሁለተኛው ወገን ግን በዓመት ውስጥ ካሉት የሥራ ሌሊቶች ሁሉ ረጅሙ ነው።

በዛሬው የበዓል ጽሑፋችን የትንሣኤን ምስጢር ለመተንተን አላሰብንም። ይህን ሊቃውንቱ በየዐውደ ምሕረቱ አምልተውና አስፍተው ያስተምሩታል። እኛ ግን በዓሉን በዓል ስለሚያደርጉልን፣ ነገር ግን በበዓሉ ውስጥ ስለማናያቸው የቤት ሠራተኞቻችን ጥቂት ለማለት ወድደናል። አንባብያን ጽሑፉን የወቀሳ ደብዳቤ አድርገው እንዳይመለከቱብን አስቀድመን እንለምናለን፤ ወቀሳ ከሆነም የሚጀምረው ከጸሐፊው ቤት ነውና።

«በዓል» እና «ባዕል»

በግእዝ ቋንቋ «በዓል» ማለት የመታሰቢያና የደስታ ቀን ሲሆን፣ «ባዕል» ማለት ደግሞ ሀብታም፣ ባለጠጋ ማለት ነው። የሁለቱ ቃላት ፊደላት አንድ ሆነው በድምፅ ብቻ ይለያያሉ። በተማሪነታችን ዘመን አንዱን በአንዱ ስፍራ እያነበብን መምህራንን ስናስቆጣ ትዝ ይለናል። ዛሬ ግን ስሕተቱ ከንባብ ወጥቶ ወደ ኑሯችን የገባ ይመስላል፤ በዓል የሁሉ መሆኑ ቀርቶ የባዕል ብቻ እየሆነ የሚውልበት ቤት ጥቂት አይደለምና።

ከመነሻው ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በኦሪት ዘዳግም 5ኛ ምዕራፍ ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ የዕረፍቱን ተካፋዮች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ ወንድ አገልጋይና ሴት አገልጋይ፣ በሬና አህያ፣ በደጅ ያለውም መጻተኛ ሳይቀር ተጠርተዋል። ምክንያቱም አብሮ ተጽፏል፤ አገልጋዮቹ ልክ እንደ ጌታቸው ያርፉ ዘንድ፣ እስራኤልም ራሳቸው በግብፅ ምድር ባሮች እንደ ነበሩ ያስቡ ዘንድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ትእዛዙ የተነገረው ለአገልጋዪቱ አይደለም። አገልጋይ በራሷ ፈቃድ ማረፍ አትችልምና ትእዛዙ የተሰጠው ለሚያሳርፋት ሰው ነው። በዓልን ማክበር ማለት ራስ ማረፍ ብቻ ሳይሆን ማሳረፍም ጭምር መሆኑን ሕጉ ገና ከጥንቱ ተናግሯል።

ስለ ዕረፍት ቀን እንደ ሀገራችን ሰዎች አብዝቶ የተጨነቀ ሕዝብ ምናልባት ጥቂት ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የቀዳሚት ሰንበት ክብር እንዳይቀር በመሟገታቸው ከሀገራቸው ወጥተው በአርመን ምድር ዐርፈዋል። ክርክሩ ትውልድ ተሻግሮ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎበት፣ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወስኗል። አባቶቻችን በየትኛው ቀን እንረፍ በሚለው ጥያቄ ስደትን ታገሡ። ለእኛ የቀረልን ጥያቄ ከዚያ ቀለል ያለ ይመስላል፤ በዚያ ቀን በቤታችን ውስጥ ማን ያርፋል? ማንስ ሳያርፍ ይውላል?

የአባት ስም

እዚህ ላይ አንድ የቤታችንን ታሪክ እንድናነሣ ይፈቀድልን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን አራት ዓመት ያህል የሠራች አንዲት ልጅ በድንገት ታማ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። በካርድ ክፍሉ መስኮት የተቀመጠችው ጸሐፊ የሕመምተኛዋን ስም ጠየቀችን፤ ነገርናት። «የአባት ስም?» ስትለን ግን ዝም አልን። ልጅቱ በትኩሳት ደክማ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማ ስለ ነበር ልትመልስልን አልቻለችም። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች መጉረምረም ሲጀምሩ፣ ከኀፍረታችን ብዛት የራሳችንን ስም አስጻፍን። በዚህም ምክንያት ካርዱ ላይ የጸሐፊው ልጅ ሆና ተመዘገበች። ጸሐፊዋም፣ «አይዞዎት፣ ልጅዎ ትድናለች» ብላ አጽናናችን።

ከልጅቱ አጠገብ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ አንድ ሐሳብ ዕረፍት ነሣን። በመንፈሳዊ ኮሌጅ በነበርንበት ጊዜ የማቴዎስ ወንጌልን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያለውን ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት ትውልድ፣ ማን ማንን እንደ ወለደ አንድ ሳናስቀር በቃላችን እንወጣው ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ስለ ነበሩት ሰዎች አባት ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንደበት፣ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራውን የጋገረችለትን ልጅ የአባት ስም አያውቅም። የክርስትና ስሟንም አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

ልጅቱ ከዳነች በኋላ ይህን ሁሉ ነገርናትና ይቅርታ ጠየቅን። እርሷ ግን ምንም ሳትቀየም፣ «ጋሼ፣ ጠይቀውኝ አያውቁም እኮ» አለችን። ያን ቀን ሌላም ነገር ነገረችን። በየዓመቱ ከትንሣኤ ሥርዓት ሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ስንመለስ በሩን ከፍታ፣ «ቤተ ክርስቲያን እንዴት ነበረ? ሰው ብዙ ነው?» ትለን ነበር። እኛም፣ «በጣም ብዙ ነው» ብለን ምግቡን እንድታቀርብ እናዛት ነበር። ጥያቄው የጨዋታ ይመስለን ነበር። ለካ እርሷ በትውልድ መንደሯ ሳለች ከእናቷ ጋር ሳትሄድ ቀርታ የማታውቅ ልጅ ኖራለች። «አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ግን ቤቱን ማን ይጠብቃል ብዬ ነው» ስትለን የምንመልሰው አጣን። እኛ በቅድስቱ ቆመን «ብርሃን» ስንል ያደርነው፣ እርሷ ከጨለማው ማጀት ውስጥ ስለ ቀረችልን መሆኑን እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላየነውም ነበር። ክፋት አላሰብንም፤ ብቻ አላየንም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው አለማየት ነው።

«እንደ ልጃችን ናት»

ስለ ቤት ሠራተኛችን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን፣ «እርሷማ እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ከስድብም ይሻላል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ «ገረድ» እና «አሽከር» የሚሉት ቃላት ነውር እየሆኑ መጥተው በምትካቸው «የቤት ሠራተኛ» ማለትን መልመዳችንም የሚያስመሰግነን ነው። ይሁን እንጂ ስም ተለውጦ ግብር ካልተለወጠ ጥቅሙ ምንድር ነው? የጤና ጣቢያው ካርድ በስሕተት ልጃችን ያደረጋትን ሠራተኛ፣ የቤታችን ኑሮ ልጃችን ያደርጋታልን? እስቲ ቃላችንን በቃላችን እንመዝነው።

ልጃችን የት ትተኛለች? ግቢ ባለው ቤት ሠራተኛዋ በሰርቪስ ቤት ከከሰልና ከአሮጌ ዕቃ ጋር ትጋፋለች። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የሠራተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለምና፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ፍራሿን ወጥ ቤት ወይም ሳሎን ወለል ላይ ትዘረጋለች፤ ማንም ሳይነቃም ትጠቀልለዋለች። እንግዳ ከቆየ እንቅልፏ ይቆያል፤ ቴሌቪዥኑ ካልጠፋ ዐይኗ አይከደንም። ከሁሉ ኋላ ትተኛለች፤ ከሁሉ በፊት ትነሣለች።

ልጃችን ምን ትበላለች? የበዓሉ ዶሮ በባህላችን 12 ብልት ሆኖ ይወጣል። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ መላላጫው ለእንግዳው እየተባለ ይደለደላል። ዶሮውን በልታ፣ ዐጥባ፣ ሠርታ ያቀረበችው ልጅ ድርሻዋ አንገቱ ወይም ክንፉ ሲሆን፣ እርሱም ማዕዱ ከተነሣ በኋላ በጓዳ ነው። ይህን ድልድል ማንም በክፋት አላወጣውም፤ ስንወለድ ያገኘነው ነው። ነገር ግን ስንወለድ ያገኘነው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በሀገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የአያቶቻችን ዘመን ነው። አዋጅ በአንድ ቀን የሚሽረውን ነገር፣ ማጀትና ጓዳ ለብዙ ዓመታት ደብቀው ሊያቆዩት ይችላሉ።

ልጃችንስ ተያዥ አምጪ ትባላለችን? ሠራተኛ ስንቀጥር ከደላላው ቀጥሎ የምንጠይቀው የታመነ ዋስ ነው። ንብረት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሩቅ መንደር የመጣች የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ በማታውቀው ቤት፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በራፍ ተዘግቶባት ስታድር፣ ለእርሷ ተያዥ የሚሆንላት ማን ነው? ደመወዟን እንዳናስቀርባት፣ እጃችንን እንዳናነሣባት፣ በቤቱ ያለ ጎረምሳ ወይም አባወራ እንዳይደፍራት ማን ዋስ ጠራልን? በቤታችን ሊጠፋ የሚችለው ወርቅና ብር ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ክብርም መሆኑን አንዘንጋ።

እዚህ ላይ ነቀፋው በእመቤቶች ላይ ብቻ እንዲወድቅ አንሻም። የቤቱ እመቤት ከቢሮ ደክማ ገብታ ከሠራተኛዋ ጋር ጉድ ጉድ ስትል፣ ወንዶቹ እጃችንን ታጥበን ገበታ የምንጠብቅ ነን። ብዙ ጊዜ በሁለቱ ሴቶች መካከል የሚነሣው ጠብ እኛ ካልተሸከምነው ሸክም የመጣ ነው። ደግሞም ቀጣሪ ሁሉ ባለጠጋ እንዳልሆነ እናውቃለን። በአነስተኛ ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሁለቱም ባልና ሚስት ሥራ ካልገቡ ቤቱ አይቆምምና ልጅ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ሠራተኞቻቸውን በማታ ትምህርት ቤት አስገብተው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ደጋግ ቤተሰቦችም አሉ። ይሁን እንጂ ድኻውም ቀጣሪ ቢሆን ከእርሱ የባሰ ድኻ ጊዜ ተቆርሶ ጊዜ የተሰጠው መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። በሰዓቱ ቢሮ መግባታችን፣ ልጆቻችን ለፈተና ማጥናታቸው፣ ይህን የመሰለ ጽሑፍ በጸጥታ ተቀምጠን መጻፋችን ሳይቀር ከአንዲት ልጅ ቀን ላይ የተቀነሰ ነው።

በደጅ የተኛው ሰው

በሉቃስ ወንጌል 16ኛ ምዕራፍ ያለውን የባለጠጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስንሰማው ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር አለ። ባለጠጋው አልዓዛርን መታው አልተባለም፤ ሰደበው፣ ከደጁም አባረረው አልተባለም። በየቀኑ በወጣ በገባ ቁጥር ያልፈው ነበር እንጂ። «ጠግቦ ያደረ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው ብሂላችን ይህን ሰው በሚገባ ይገልጸዋል።

ሌላም አለ። በታሪኩ ውስጥ የድኻው ስም ተጠርቷል፤ የባለጠጋው ስም ግን አልተጠራም። በእኛ ዓለም የሚታወቀው የባለጠጋ ስም ነው፤ በወንጌል ግን ተገልብጧል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ደግሞ መጨረሻው ነው። ባለጠጋው በሥቃይ ስፍራ ሆኖ ወደ አብርሃም ሲጮኽ፣ አልዓዛርን በስሙ ይጠራዋል። ስለዚህ ያውቀው ነበር ማለት ነው። የጠራውስ ለምንድር ነው? ሊልከው ነው። በመጀመሪያ ውኃ እንዲያመጣለት፣ ቀጥሎም ወደ ወንድሞቹ መልእክት እንዲያደርስለት ይፈልጋል። ሞትና መቃብር እንኳ፣ «ይህ ሰው ለእኔ ሊላላክ የተፈጠረ ነው» ከሚለው ሐሳብ አላላቀቁትም። እንግዲህ ስም ማወቅ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ሰውን በስሙ እየጠሩ እንደ ዕቃ መቁጠር ይቻላልና።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ ስለዚህ ታሪክ ተከታታይ ስብከት የሰጠው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በሌላም ስብከቱ አገልጋይ በማብዛት የሚመኩትን ሰዎች ገሥጿል። እግዚአብሔር እጅና እግር የሰጠን ራሳችንን እንድናገለግልበት ነው የሚል ትምህርት አለው። የስሙ ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። እጁን አስታጥበውት የሚኖረው ምእመን ሁሉ የዚህን አባት ቅዳሴ ይሰማል፤ ተግሣጹን ግን ምን ያህሉ ሰምቶት ይሆን?

በባሕር ማዶ ያየነው፣ በደጃችን ያላየነው

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰው ሲመጡ ሀገር ምድሩ አዝኖ ነበር። ከእነዚህና ከሌሎቹ የዓረብ ሀገሮች ከተመለሱት እኅቶቻችን ብዙዎቹ በሰው ቤት ሠራተኝነት ያሳለፉ ነበሩ። ያለ ዕረፍት ቀን መሥራታቸውን፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ መቀመጡን፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ከቤት መውጣት አለመቻላቸውን፣ ደመወዛቸው ለወራት መያዙን ሲነግሩን እንባችንን አፍስሰናል። ከፋላ የተባለውንም አሠራር ረግመናል። ቁጣችን ተገቢ ነበር።

ሆኖም ያን ዜና በቴሌቪዥን ስንከታተል ቡና አፍልታ ያቀረበችልን ልጅ ነበረች። እርሷም ዜናውን ከበሩ ቆማ ትሰማው ነበር። የዕረፍት ቀን አላት ወይ? መታወቂያዋስ በማን መሳቢያ ውስጥ ነው? ደመወዟን በወሩ መጨረሻ ትወስዳለች ወይስ «እኛ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብላለች? ከጅዳና ከቤይሩት የምንጠይቀውን ፍትሕ በገዛ ጓዳችን ካልጀመርነው፣ ሐዘናችን ለወገን ሳይሆን ለባዕድ ነቀፋ ብቻ ይሆናል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብ፣ ዕረፍትና ደመወዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ጊዜ እንዲኖራቸው ይደነግጋል፤ የሕዝብ በዓላትንም ይጠቅሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በበዓል ቀን የሠራ ሰው ቢያንስ እጥፍ እንዲከፈለውም ያዛል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ፣ ልክ እንደ ቀደሙት ሁለት አዋጆች፣ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከክልሉ አውጥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሲሆን፣ አሠሪው ስለ መኝታው፣ ስለ ምግቡና ስለ ዕረፍቱ ለጤናውና ለሞራሉ የሚበጀውን እንዲያደርግ ያዝዛል። ይህም መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን ብሎ አይቆጥርም። ስለዚህ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ የበዓል ሥራዋ በእጥፍ ሲታሰብ፣ በቤታችን የምትሠራው ልጅ የበዓል ሌሊት የሚታሰበው በእኛ ኅሊና ብቻ ነው። ሕግ ያልደረሰበት ስፍራ ላይ የኅሊና ኃላፊነት ይበዛል እንጂ አያንስም።

ማዕዳቸውን የለወጡ ሰዎች

ይህ የማይቻል ነገር እንዳይመስለን አስቀድመው ያደረጉትን እናስብ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታናሽ እስያ የታላቁ የቅዱስ ባስልዮስና የኑሲሱ የቅዱስ ጎርጎርዮስ እኅት የሆነች ማክሪና የተባለች ቅድስት ነበረች። የባለጠጋ ቤተሰብ ልጅ ነበረችና በቤታቸው ብዙ አገልጋዮች ነበሩ። ወንድሟ ጎርጎርዮስ የሕይወቷን ታሪክ ሲጽፍ እንደነገረን፣ ማክሪና እናቷን መክራ አስተምራ የልዩነትን ኑሮ አስተወቻት። አገልጋዮቹ እንደ እኅቶች ተቆጠሩ፤ ማዕዱ አንድ፣ መኝታውም አንድ ዓይነት ሆነ። ጎርጎርዮስ ራሱ ኋላ ስለ ባርነት ሲሰብክ፣ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው ዋጋ ማን ሊተምነው ይችላል እያለ የዘመኑን ሰዎች ሞግቷል። ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከእኅቱ ማዕድም ሳይማረው አልቀረም ብለን እናምናለን።

የሀገራችን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስለቅስ ነው። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በዓለም ሳለች ባለ ትዳርና ባለ ብዙ ሀብት ነበረች። ገድሏ እንደሚተርከው አንድ ቀን በአገልጋይዋ ላይ እጅግ ተቆጥታ የእሳት ትንታግ በአፏ ጨመረችባት፤ አገልጋይዋም ሞተች። ቅድስቲቱ ደንግጣ፣ ልጅቱ ከሞት ብትነሣልኝ ዓለምን ትቼ እመንናለሁ ብላ በእንባ ተሳለች፤ ልጅቱም ተነሣች፤ እርሷም ስእለቷን ፈጽማ ወጣች። ስለ ቅድስቲቱ ተጋድሎ ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን የዚያ ሁሉ ቅድስና መነሻ፣ አንዲት እመቤት አገልጋይዋን እንደ ሰው ያየችበት ያች የጸጸት ሰዓት መሆኗን ልብ ብለን እናውቃለን? በየቤታችን ያለው የቁጣ ቃልስ ትንታግ አይደለምን?

የሚቀጥለው ዓመት ሌሊት

ከጤና ጣቢያው ነገር በኋላ በመጣው ፋሲካ በቤታችን ምክር አደረግን። ባለቤታችን የዶሮውን ሥራ ከልጅቱ ጋር ከቅዳሜ ጠዋት ጀምራ ተካፈለችው። ሲመሽ ሁለቱ ነጭ ለብሰው፣ ከትልልቆቹ ልጆች ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ትንንሾቹን ይዘን፣ ወጡንም እየጠበቅን ቤት የቀረነው እኛ ነበርን። ልጅቱ ከበሩ ሁለት ጊዜ ተመልሳ፣ «ጋሼ፣ እሳቱን ቀንሱት እንጂ እንዳይረሱት» ብላናለች።

ያን ሌሊት የበዓሉን ሌላ ገጽ ያየን መስሎናል። ከሩቅ የድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከበሮው ሲመታ ግድግዳው ጭምር የሚያውቀው ይመስላል፤ አንተ ግን የለህበትም። ሰዓቱ አይሄድም። ለዓመታት ሌላ ሰው በዚህ ወለል ላይ ተቀምጦ ይህንኑ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እንደ ነበረ አሰብን፤ ተኝተው የነበሩት ሕፃናትም ምስክሮቻችን ነበሩ። በሐሳብ ተወስደን ሳለን ወጡ ጥቂት አረረ።

ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲያልፍ መጡ። የልጅቱ ነጠላ በጤዛ ርሷል፤ ከጧፏ የቀረችውን ቁራጭ በእጇ ይዛለች። ምን እንደምትለን በጉጉት ስንጠብቅ፣ ሽታው ቀድሟት፣ «ወጡን አሳረራችሁት አይደል?» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ማስታጠቢያውን አንሥተን በመጀመሪያ ለእርሷ ውኃ ልናፈስላት ስንል፣ «ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው!» ብላ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

በጸሎተ ሐሙስ ሊቃነ ጳጳሳትና ካህናት የምእመናንን እግር በሚያጥቡበት ዕለት የሚነበበው ወንጌል፣ ጴጥሮስ እግሩን ለማሳጠብ እንዴት እምቢ እንዳለ ይነግረናል። ያን ዕለት «የነጻነት ሐሙስ» ብለን የምንጠራውም ያለ ነገር አይደለም። ልጅቱ «ነውር ነው» ስትል ግን ከጴጥሮስ የተለየ ነገር ሰማንባት። ነውሩ እርሷ መታጠቧ ሳይሆን፣ አራት ዓመት ሙሉ ውኃ ስታፈስልን ነውር ነው ያላለ ሰው በቤቱ አለመኖሩ ነበር። በኋላ እጇን ዘረጋች፤ ውኃውንም አፈሰስንላት። ይህን የምንተርከው ለውዳሴ አይደለም። አንድ ማስታጠቢያ ውኃ የአራት ዓመት ሌሊት አይክስም፤ የቀሩባትንም የትንሣኤ በዓላት ማንም አይመልስላትም።

ልጅቱ በተከታዩ ዓመት የማታ ትምህርቷን እስከ 8ኛ ክፍል አጠናቅቃ ሌላ ሥራ ይዛ ወጥታለች። ከእርሷ በኋላ በቤታችን ለተቀጠረችው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር በደብተር ጻፍን፤ ስሟን እስከ አያቷ፣ የዕረፍት ቀኗን እና በበዓል ወደ ምትወድደው ስፍራ የምትሄድበትን ተራ። ጥቂት ነገር ነው። ከዚህ ይልቅ የሠሩ ቤቶች እንዳሉ እናምናለን፤ ከእነርሱ ለመማርም ዝግጁ ነን።

ውድ አንባብያን፣ ዘንድሮ በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስበን እጃችንን ለመታጠብ ስንዘረጋ፣ ውኃውን የምታፈስልንን ልጅ ቀና ብለን ፊቷን እንያት። የአባቷን ስም የማናውቅ ከሆነ እንጠይቃት። ትናንት ሌሊት የት እንዳደረችም እንጠይቃት። ምናልባት መልሷ ያሳፍረን ይሆናል፤ የሚያሳፍር እውነት ከሚያስደስት አለማየት ይሻላል። «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» የሚለው የበዓል ቃላችን ከሳሎን ተነሥቶ ማጀት ድረስ ካልደረሰ፣ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ለሁላችንም፣ በማዕዱ ለተቀመጥነውም በበሩ ለቆሙትም፣ እንኳን አደረሰን።